ለመስቀል ስንወርድ የምናልፋቸው መቃብሮች

መስከረም ሲጋመስ የመርካቶ ሶማሌ ተራ ሱቆች ተራ በተራ ይቆለፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራና ያገለገለ ሞተር ሲሸጥ የከረመው ጉራጌ ነጋዴ ለእናቱ ጋቢ፣ ለልጆቹ አዲስ ልብስ ይዞ ለመስቀል አገሩ ይገባል። የሰባት ቤት ጉራጌው በወልቂጤ በኩል ይሄዳል፤ የሶዶውና የመስቃኑ ግን በአለምገና ወጥቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ቡታጅራ ያቀናል። ቡኢ ሳይደርስ፣ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ መንገዱ በአንድ ጥንታዊ የመቃብር ቦታ አጠገብ ያልፋል። አብዛኛው መኪና አይቆምም።

ቦታው ጢያ ነው። ሣር በለበሰው ሜዳ ላይ 36 ሐውልቶች አሉ፤ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አክሱምም የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። አክሱምን የማያውቅ ተማሪ የለም። ጢያን ግን እዚያው ሰፈር ተወልዶ መርካቶ ያደገ ሰው እንኳ በሩቁ «የግራኝ ድንጋይ» ብሎ ያልፈዋል።

ይህ አባባል መታረም አለበት። ግራኝ አሕመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የጦር መሪ ነው። ድንጋዮቹ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የቆሙ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ እሱ ከመወለዱ ቢያንስ መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ደግሞም የጦር ድል ማስታወሻ አይደሉም። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶምና ባልደረቦቹ ሲቆፍሩ ከድንጋዮቹ ሥር ሰዎችን አገኙ፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሰዎችን።

ጠዋት ፀሐይዋ በጎን ስትመታቸው ቅርጾቹ ይጎላሉ። ጎራዴዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ከጎራዴዎቹ በታች ቅርንጫፍ ያለው ምልክት አለ፤ አስጎብኚዎች እንሰት ነው ይላሉ። ጎራዴውንም የሟቹ ጀግንነት መቁጠሪያ አድርገው ይተርኩታል። ትርጓሜው ገና ያልተቋጨ ቢሆንም ጠራቢው እጁን አስተካክሎ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ለይቶ እንደሠራ ማንም ያያል። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሟቹን የሚያከብር ማኅበረሰብ ነበር።

ያንን ማኅበረሰብ ዜና መዋዕል አልመዘገበውም። ታሪካችንን የጻፉልን በአመዛኙ የቤተ ክህነት፣ የቤተ መንግሥትና የመስጊድ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ ክበብ ውጭ የኖረው ሕዝብ የተረፈለት መቃብሩ ብቻ ነው። ሰሜን ሸዋም ውስጥ ይኸው ነው የሆነው። በመንዝና በአካባቢው የሚገኙትና ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» ያሏቸው የድንጋይ ክምር መቃብሮች ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበሩት ባለቤቶቻቸው ሙታናቸውን ከባሕር ማዶ በመጣ የብርጭቆ ዶቃ አስጊጠው ቀብረዋል። በዚያ ዘመን ዶቃው ያን ተራራ እስኪወጣ ድረስ ስንት ነጋዴ እንደተቀባበለው የመርካቶ ሰው ከማንም በላይ ይገባዋል።

ጢያ አጥርና ጠባቂ ስላለው ዕድለኛ ነው። በሶዶ ምድር ግን 160 ያህል የትክል ድንጋይ ቦታዎች ተለይተዋል፤ ብዙዎቹ በእርሻና በግጦሽ መካከል ናቸው። እነዚህን ሁሉ መንግሥት ብቻውን ይጠብቃቸዋል ብዬ አላምንም። የሚጠብቃቸው የአገሩ ሰው ነው፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ገንዘቡም ተሰሚነቱም ያለው መርካቶ ውስጥ ነው። ይህ ሕዝብ የመንግሥትን እጅ ጠብቆ አያውቅም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአለምገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁሞ ከኪሱ ያዋጣ ነው። ዛሬ ጢያን የምናልፍበት መንገድ የዚያ ትጋት ውጤት ነው።

በዚሁ መስመር ላይ ያለው የቅድመ ታሪክ ቦታ፣ መልካ ቁንጡሬም በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንድ ጉዞ ሁለት የዓለም ቅርስ የሚያልፍ የበዓል መንገደኛ በሌላ አገር ብዙ አይገኝም።

እናም ዘንድሮ ለመስቀል የምትወርዱ ሁሉ፣ ጢያ ስትደርሱ መኪናውን አቁሙት። የመግቢያውን ከፍላችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ እዚያ የተኙት የአገራችን ሰዎች መሆናቸውን ንገሯቸው። ለደቦና ለዕድር የምትዘረጉት እጃችሁም አጥር ለሌላቸው መቃብሮች ይዘርጋ።