በአመክሮ የተፈታን ሰው ማን ይከታተላል?

እንጅባራ፦ አንድ ታራሚ በአመክሮ ተፈትቶ ወደ ቀየው ሲመለስ ብዙ ሰው ቅጣቱ እንዳበቃ አድርጎ ይወስደዋል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በአመክሮ የወጣ ሰው ቀሪ ጊዜውን ከአጥር ውጭ፣ በፈተና ላይ ሆኖ የሚፈጽም ሰው ነው። ይህን ጊዜ በሰላም ካጠናቀቀ ቅጣቱን እንደፈጸመ ይቆጠርለታል፤ ካጓደለ ደግሞ ወደ ማረሚያ ቤት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በፈተናው ጊዜ ማን ይደግፈዋል፣ ማን ይከታተለዋል፣ ማንስ መዝገቡን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ለተፈታው ሰው፣ ለተበዳዩ ቤተሰብና ለመላው ቀበሌ የሰላም ጥያቄ ነው።

አመክሮ፣ ይቅርታና ምህረት

ሦስቱ ቃላት በዕለት ተዕለት ንግግር ይደባለቃሉ። ምህረት በሕግ የሚታወጅ ነው። ይቅርታ ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት አካል ቅጣትን የሚያስቀርበት ወይም የሚያቀልበት መንገድ ነው። አመክሮ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ ለቀጣዩ ጊዜም ግዴታ ያስከትላል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 እንደደነገገው፣ አንድ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ የሚችለው ከተፈረደበት ጊዜ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሲፈጽም ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት መታሰር ይኖርበታል። ለምሳሌ ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው ስድስት ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ሊታይለት ይችላል። ጥያቄው በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ሐሳብ ወይም በራሱ በታራሚው አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል።

ይሁን እንጂ የጊዜው መሙላት ብቻ በቂ አይደለም። ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን በተጨባጭ ማሳየት አለበት። በተቻለው መጠን ያደረሰውን ጉዳት መካስም ይጠበቅበታል። ሲወጣም በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆን አለበት።

የገበሬው ልዩ ችግር

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የአብዛኛው ሰው ኑሮ ከመሬት ጋር የተሳሰረ ነው። ስድስት ዓመት ለእርሻ ረጅም ጊዜ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው አንድ ገበሬ ከመታሰሩ በፊት የተከለው ዲከረንስ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ደርሶ ይቆረጣል፤ እርሱ ሲመለስ በቦታው ሁለተኛው ተከላ ቆሞ ያገኛል። የእንጅባራው የድንች ማሳ ወይም የዳንግላው የጤፍ እርሻ በኪራይ ወይም በእኩል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊቆይ ይችላል። ውሉ በቃል ብቻ ከነበረ፣ የተፈታው ሰው የመጀመሪያ ሥራ ክርክር ይሆናል።

ሌላው ችግር ጉርብትና ነው። በከተማ የተፈታ ሰው ሰፈር ሊቀይር ይችላል። ገበሬ ግን መሬቱን ይዞ አይሄድም። የሰው ሕይወት በጠፋበት ጉዳይ ተበዳዩና በዳዩ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ የውኃ መቅጃ ይገናኛሉ። እርቅ ሳይወርድ መመለስ ደም መላሽን ሊጋብዝ፣ ለተፈታውም ሆነ ለሌሎች አዲስ አደጋ ሊሆን ይችላል። የሽምግልና ሥርዓት ከፍተኛ ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት ቅጣት ይወስናል፣ ቂምን የሚያበርደው ግን ሽማግሌ ነው።

የጎደለው ሰንሰለት

በብዙ አገሮች ይህን ሥራ የሚሠሩ የአመክሮ መኮንኖች የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። የሙያው ጅማሮ ከአንድ ጫማ ሠሪ ጋር ይያያዛል፤ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ በ1841 አንድን ሰካራም በራሱ ዋስትና ከፍርድ ቤት ተረክቦ እንዲሻሻል አደረገ፤ ከዚያም ብዙዎችን ተቀበለ። ጎረቤታችን ኬንያ አገልግሎቱን የጀመረችው እ.ኤ.አ በ1946 ነው። በዚያ መኮንኖቹ ስለ ጥፋተኛው ቤተሰብና አካባቢ አጥንተው ለፍርድ ቤት ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ከዚያም ይከታተላሉ።

የጃፓን ልምድ ለእኛ ሽምግልና የቀረበ ነው። በዚያች አገር ከ40 ሺህ በላይ ፈቃደኛ የአካባቢ ሰዎች ያለ ደመወዝ የተፈቱ ሰዎችን ይጎበኛሉ፣ ይመክራሉ፣ ሥራ ያፈላልጋሉ። ከጀርባቸው ግን ደመወዝተኛ ባለሙያና የተደራጀ መዝገብ አለ።

በኢትዮጵያ በየወረዳው የተደራጀ፣ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ የአመክሮ መኮንኖች መዋቅር የለም። ሕጉ የጠባይ አመራር ደንቦችን፣ ለምሳሌ ሙያ መማርን፣ ከተወሰነ ስፍራ ወይም ከመጠጥ መራቅን፣ ካሳ መክፈልን ያውቃል። ነገር ግን ፍርድ ቤት ያዘዘው ደንብ በቀበሌ ካልታወቀ፣ ማንም መፈጸሙን አያይም። ሥራው በማረሚያ ቤት፣ በፍርድ ቤት፣ በፖሊስና በቀበሌ መካከል ይበተናል። አንዱ ቢሮ የያዘውን ወረቀት ሌላው አያገኘውም።

ጠፋ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ቀላል ይመስላል፦ የውሳኔ ግልባጭ፣ የቀጠሮ መዝገብ፣ የስልክ ቁጥር፣ የሚከታተል ጸሐፊ። ሆኖም ያለ እነዚህ ነገሮች ደንቡን ያከበረው ሰው ማክበሩን ማስረዳት አይችልም፤ የጣሰውም ሳይታወቅ ይኖራል። የተበዳይ ቤተሰብም የተፈረደበት ሰው በምን ሁኔታ እንደወጣ ሳያውቅ በመንገድ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ መነሻ ደንብ፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው፣ የኅብረተሰቡ ግዴታ እስረኛው ሲፈታ እንደማያበቃ ይገልጻል። ለተፈታው ሰው አስፈላጊ ሰነድ፣ ማረፊያ፣ ሥራ፣ ልብስና ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ስንቅ እንዲኖረው መደረግ እንዳለበትም ያመለክታል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የተቀመጠው ሰነድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አሁን ሊደረግ የሚችለው

አዲስ መዋቅር እስኪመጣ ድረስ በእጅ ባለው ሊሠራ የሚችል ነገር አለ።

በአመክሮ የሚወጣ ሰው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭና የማረሚያ ቤቱን የመፈቻ ደብዳቤ በእጁ ይያዝ። ቀበሌ ሄዶ መመለሱን ያስመዝግብ። የካሳ ክፍያ ደረሰኝንና በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የእርቅ ሰነድን ያስቀምጥ። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዞ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይዞታውንና ውሉን ያረጋግጥ። ከክርክር በፊት ሰነድ ማየት ጠብን ይቀንሳል።

ቤተሰብ ታራሚው ገና በእስር ላይ ሳለ የመሬት ኪራይ ውልን በጽሑፍ ቢያደርግና ቢያስመዘግብ ይመረጣል። ሽማግሌዎችም እርቁን ከመፈታት በኋላ ሳይሆን ከመፈታት በፊት ቢጀምሩ፣ ጊዜም ሆነ ሕይወት ያተርፋሉ።

ቀበሌ ደግሞ በአመክሮ የተመለሱ ሰዎችን የሚያስፍርበት አንድ መዝገብና ኃላፊነቱ የተሰጠው አንድ ሠራተኛ ቢኖረው፣ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ተገኘ ማለት ነው። በማረሚያ ቤት የቀርከሃ ሥራ ወይም ሽመና የተማረ ሰው መሣሪያ የሚያገኝበትን መንገድ ከወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጋር ማያያዝም ከዚሁ መዝገብ ይጀምራል።

አመክሮ በመሠረቱ እምነት ነው፤ ፍርድ ቤት በታራሚው መሻሻል ላይ የጣለው እምነት። እምነቱ እንዲጸና ግን የሚጽፍ እጅ፣ የሚያስታርቅ ሽማግሌና የሚጠይቅ ጎረቤት ያስፈልጉታል። ሽማግሌውና ጎረቤቱ በየቀበሌው አሉ፤ ገና የሚጠበቀው መዝገቡን የሚይዘው ሰው ነው።