ድንጋይ ሠሪውን እንስሳ በቤት ስለ ማሳደግ

በመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሯጩንና መኪናውን ለሚመለከት ሰው የባሕር ነገር እጅግ ሩቅ ነው። አደባባዩ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በባቡር ወደ ጂቡቲ ልውረድ ቢባልም መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ በቂርቆስ ወይም በካዛንቺስ በአንዲት ክፍል ውስጥ የባሕር ኮራል አሳድጋለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ቢኖር፣ ሥራው አስቸጋሪ እንጂ የማይቻል አይደለም። ችግሩ የት ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ያልተረዳ ግን ገንዘቡንም እንስሳውንም ያጣል።

ብዙ ሰው ኮራልን ድንጋይ ወይም የባሕር ተክል ይመስለዋል፤ ሁለቱንም አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ የሚባለው አካል ለስላሳ ገላ፣ አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ የሚናደፉ ትንንሽ ክንዶች አሉት። ድንጋያማ የሚባለው ወገን ከባሕሩ ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከበታቹ የኖራ ድንጋይ ይሠራል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱ በብርሃን ምግብ ሠርተው ይመግቡታል፣ እርሱም መጠጊያ ይሆናቸዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ጉርብትና ይፈርሳል፤ ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፣ ቶሎ ካላገገመም ይሞታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ በዓለም ባሕሮች ላይ የደረሰው ታላቅ መንጣት ከዚህ የመጣ ነው።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ኮራል የላትም ማለት ግን አይቻልም። በአፋር ምድር፣ በዳናክል ረባዳ ዳርቻ፣ የሞቱ ኮራሎች እንደ እርከን ተደርድረው ይታያሉ። ከዛሬ 120 ሺ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይገባ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውኃው ተነነ፤ ጨውም ቀረ። አሞሌ እየተጠረበ በግመል የሚጫንበት ያ የጨው ሜዳ የደረቀ የባሕር ወለል ነው፤ ኮራሎቹም በዚያው ድርቀት ያለቁ ናቸው።

ይህን ያነሣነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ ያለ የመስተዋት ገንዳም ከባሕር የተቆረጠ ትንሽ ባሕር ነውና፣ ጠባቂው ካልደረሰለት የዳናክል ዕጣ ይደርስበታል፤ ውኃው ይተናል፣ ጨው ይበረታል፣ ካልሲየሙም ያልቃል። ስለዚህ ኮራል አሳዳጊ የሚያሳድገው በመጀመሪያ ውኃውን ነው።

1ኛ. ስለ ውኃው፦ የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ይህንን በወጥ ቤት ጨው ወይም በአሞሌ መተካት አይቻልም፤ እነዚህ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጨው ብቻ ሲሆኑ፣ ባሕሩ ግን ማግኒዥየምም ካልሲየምም ሌላም ብዙ ነገር አለበት። ለገንዳ ተብሎ የተቀመመውን ጨው ነው መግዛት። የቧንቧ ውኃም ክሎሪን ስላለበት በማጣሪያ ማለፍ አለበት። ማጣሪያው ግን አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ሦስት ሊትር ያህል ያፈስሳል፤ ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ይህንን ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ነው። በጀሪካን ይጠራቀምና ለልብስና ለወለል ይዋል።

2ኛ. ስለ ትዕግሥት፦ ገንዳው በተሞላ ማግሥት ኮራል አይገባበትም። ቆሻሻውን መርዛም ከሆነው አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

3ኛ. ስለ ምርጫው፦ ጀማሪን የሚያሳስተው ዓይኑ ነው። ቅርንጫፋሙና ደማቁ አክሮፖራ ያምራል፤ ነገር ግን በውኃው ጠባይ ላይ ትንሽ ለውጥ ሲደርስ ይሞታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻሉት ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ናቸው፤ ለምሳሌ መለከት የሚመስለው ካውላስትሪያ፣ እንደ አበባ የሚዘረጋው ዱንካን፣ የክንዶቹ ጫፍ መዶሻ የመሰለው ዩፊሊያ። ሲገዙ ሥጋው ሞልቶ አጥንቱን የሸፈነውን መምረጥ፤ ጠርዙ ላይ ነጭ አጥንት ያወጣውን ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር የያዘውን መተው ነው። ከዱር ባሕር ከተነቀለው ይልቅ በገንዳ ውስጥ ተቆርጦ የተራባውን መሻት ይገባል። ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለ ሆኑ፣ ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ስለ ሆነች፣ ከውጭ የሚመጣው ኮራል የላኪውን አገር ፈቃድ መያዙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

4ኛ. ስለ ከፍታውና ስለ ብርዱ፦ በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። መድኃኒቱ የውኃውን ገጽ በፓምፕ ማናወጥና ዓሣ አለማብዛት ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሊሆን ሲገባ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ማሞቂያ የግድ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ኮራል ያለ ብርሃን አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ቀድሞ የሚገድለው የውኃው መቆምና ብርዱ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት፣ ገንዳውንም በጋቢ መጠቅለል ብዙ ነፍስ ያድናል። ይህንን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ኮራሉንም ባይገዛ ይሻላል።

5ኛ. ስለ ዕለት ተዕለቱ እንክብካቤ፦ በትነት የጎደለውን በየቀኑ በንጹሕ ውኃ መሙላት ነው፤ ጨዋማ ውኃ መጨመር ግን ስሕተት ነው፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለምና። በየሳምንቱ ከመቶው አሥር እጁን በአዲስ ጨዋማ ውኃ መለወጥ፤ ካልሲየሙን እየለኩ በአንድ ሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም አድርጎ መጠበቅ፤ አዲሱን ኮራል መጀመሪያ ከታች በደብዛዛው ብርሃን አኑሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማውጣት ይገባል። ዩፊሊያ ሌሊት ረጅም ክንድ ዘርግቶ ጎረቤቱን ስለሚናደፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይተውለት። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ደግሞ ኮራልን ስለሚገድል ከገንዳው ፈጽሞ ይራቅ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለሳሎን ጌጥ ብቻ ከሆነ ድካሙ አይመጥንም። ነገር ግን ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ አንድ ፖሊፕ ማታ ተከፍቶ ሲመገብ፣ ከዓመት በኋላም የድንጋዩ ቅርንጫፍ በጣት ስፋት ያህል ሲያድግ ቢያይ፣ የዳናክሉን እርከን ለመሥራት ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀ በዓይኑ ይረዳዋል። ያደገው ቅርንጫፍም ተቆርጦ ለጓደኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ተቆራጩ በአዲሱ ቤት ራሱን ችሎ ያድጋልና። አንድ የተራበ ኮራል ለጓደኛ በተሰጠ ቁጥር ከባሕር የሚነቀለው በአንድ ይቀንሳል።