ከጅረት የወጣ የዛገ ጠመንጃ በምን ይለያል?

ለብዙ ዘመን በውኃና በደለል ውስጥ የቆየ ጠመንጃ አስቀድሞ የሚያጣው በላዩ የተመታውን ጽሑፍና ቁጥር ሲሆን፣ ዘግይቶ የሚያጣው ደግሞ ቅርጹን ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን ዓይነት ለመለየት የሚሻ ሰው ፊደል ከመፈለጉ በፊት ጥይቱ በየት በኩል ይገባ እንደነበረና ከኋላው ምን ይዘጋው እንደነበረ መመርመር ይኖርበታል። ዝገት፣ ማለትም ብረት ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነገር፣ ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፤ በዚህም የተነሣ የአፈሙዙ ቀዳዳ ከቀድሞው ጠብቦ ሊገኝ ስለሚችል ልኬት ብቻውን ያሳስታል። አየር በማይደርስበት ጭቃ የተቀበረው ወገን ግን ከተጋለጠው ይልቅ ይተርፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰደፉ፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት፣ ሳይበሰብስ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ይህ ምርመራ የተለየ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ወዲህ የተደረጉት ጦርነቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሣሪያ በምድሪቱ ላይ ትተው ሄደዋል። ስናድር የሚባለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከፈጠራው ባለቤት ከአሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ሲሆን፣ እንግሊዞች በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረውን የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው ቆርጠው፣ በቀኝ በኩል በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ በመግጠም እ.ኤ.አ. በ1866 ለሠራዊታቸው ያጸደቁት ነው፤ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮችም እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ይዘውት መጥተዋል። ከሩቅ ሲታይ አሮጌ የአፈሙዝ ጎራሽ ይመስላል፤ የሚለየው በዚያች ማጠፊያና ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር በሚጠጋው ሰፊ ቀዳዳው ነው። በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች የግብፅ ጦር ይዞት የነበረው ሬሚንግተን ደግሞ በሁለት ወፍራም ዘንጎች ላይ ወደ ኋላ የሚሽከረከሩ መዶሻና መዝጊያ ያሉት ሲሆን፣ እነዚህ ክፍሎች እጅግ ወፍራም በመሆናቸው ዝገት ቶሎ አይጨርሳቸውም።

ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው፣ በመቀባበያ እጀታ የሚከፈትና በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። በዓድዋ ጦርነት ብዙዎቹ የኢጣሊያ ወታደሮች ይዘውት የነበረው ቬተርሊም እንዲሁ በእጀታ ይቀባበላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ከሆዱ ሥር አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን ስለተገጠመለት፣ ሣጥኑ ቢበላ እንኳ የተገጠመበት ክፍተት ይመሰክርበታል።

የተመታ ዓመት ቢነበብም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንና ውኃ ውስጥ የወደቀበትን ጊዜ እንደማይነግር ማስታወስ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ በግሬት ቤዚን ብሔራዊ ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከጥድ ዛፍ ጋር ተደግፎ የተገኘው የ1873 ሞዴል ዊንቸስተር በመለያ ቁጥሩ አማካይነት በ1882 መሠራቱ ከፋብሪካው መዝገብ ተረጋግጧል፤ ማን እንደተወው ግን መዝገቡ ሊነግር አልቻለም።

እጅግ የሚያሳዝነው፣ አግኚው በቅን ልቡና የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ከሥሩ የቀረውን ጽሑፍ አብሮ ይጠርጋል፤ ፀሐይ ላይ ማድረቅም ብረቱን ያስቀርፈዋል፣ እንጨቱንም ይሰነጥቀዋል። ዝገት ያፈነውን ቁጥርና ውስጥ የቀረን ጥይት ሳይነኩ ለማየት የሚረዳው የራጅ ምርመራ ነው። አሮጌ ባሩድ እርጥበት ቢነካውም ሲደርቅ መልሶ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ማንኛውም የተገኘ ጠመንጃ እንደ ጎረሰ ተቆጥሮ ሳይነካ ለፖሊስ ሊነገር ይገባል። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስንም አግኚው ሳይውል ሳያድር እንዲያሳውቅ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያዝዛል። መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት በየትኛው የደለል ንብርብር፣ ወደየት ዞሮ እንደተኛና በአጠገቡ ቀለህ፣ ማለትም ባዶ የጥይት ቤት፣ መኖር አለመኖሩ በፎቶግራፍ ሊያዝ ይገባል፤ ከናስ የተሠራ ቀለህ ከብረቱ ይልቅ ውኃን ስለሚቋቋም፣ በመቀመጫው ላይ የተመታው ምልክት ከጠመንጃው ጽሑፍ በኋላም ሊነበብ ይችላል።