የጥርስ ቀለምና የእህል በረንዳ ጤፍ

መሳለሚያ እህል በረንዳ ጤፍ የሚሸምት ሰው፣ ነጋዴው «ማኛ ነው» ስላለው ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ዘገን ያደርግና ወደ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ከሌላው ጤፍ አጠገብ አድርጎ ያየዋል። ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለማ!

የጥርስ ነገርም እንደዚሁ ነው። ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት ቪታ ክላሲካል የተባለው የቀለም መለኪያ ከኤ1 እስከ ዲ4 ድረስ 16 ዓይነት ቀለም አለው። የፊት ጥርስ ተሰብሮ ክራውን የሚባለው ሽፋን ሲታዘዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሐኪሙ ሳይሆን የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። እሱ ደግሞ ታካሚውን አላየም። ወረቀት ላይ «ኤ3» ተብሎ ቢጻፍለት፣ ጥርሱ ወደ ድዱ ቢጫ፣ ወደ ጫፉ ሳሳ ያለ መሆኑን በምን ያውቃል? ፍሎራይድ የበዛበትን የስምጥ ሸለቆ ውኃ እየጠጣ ወንጂ ያደገ ሰው ጥርሱ ላይ ያለውን ቡናማ ምልክትስ የትኛው ቁጥር ይገልጸዋል? ፎቶ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፎቶው ግን ወግ አለው። አንደኛ፣ ከሥራው በፊት ይነሳል። አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይደርቃል፤ የደረቀ ጥርስ ደግሞ ከወትሮው ነጥቶ ይታያል። በዚያ ፎቶ የተሠራ ሽፋን፣ ጎረቤቶቹ ምራቅ ሲነካቸው ብቻውን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የቀለም መለኪያው ከነቁጥሩ ከጥርሱ ጎን ሆኖ አብሮ ይነሳል። አለዚያ ካሜራው ቀለሙን ይቀይረው አይቀይረው ማን ያውቃል? ሦስተኛ፣ ስልክ አፍ ውስጥ አይደቀንም። በጣም ሲጠጋ የፊት ጥርስን ያገዝፋል፤ ራቅ ብሎ በዙም ማንሳት ይሻላል። ፊት ለፊት የሚያርፍ የፍላሽ ነጸብራቅም ቀለሙን ይሸፍነዋል።

ታዲያ ያው ፎቶ «በፊትና በኋላ» ተብሎ ቲክቶክ ላይ ሲወጣስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። ለላብራቶሪ መፍቀድ ለማስታወቂያ መፍቀድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ስለዚህ «ፎቶው የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሽፋኑ ተሠርቶ ሲመጣም፣ ሳይለጠፍ በፊት መስታወት ይዘው መስኮት ጋ ጠጋ ይበሉ። ከተለጠፈ በኋላ ማስነሳት ሕመምም ወጪም አለው። ለጤፍ የምናደርገውን ለጥርሳችን ለምን እንነፍገዋለን?