ያውቁ ኖሯል? ኮምፒውተሩ ሲፈጥን ሂሳቡ ምን ይሆናል?

ሜይንፍሬም የሚባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ብዙ ክፍሎችን ሲያገለግል፣ ወጪው የሚከፋፈለው በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዱ ክፍል በሠራበት ሰከንድ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ጣጣው የሚመጣው ፕሮሰሰሩ በአዲስ ሲተካ ነው። ቀድሞ 60 ሰከንድ ይፈጅ የነበረ የደመወዝ ስሌት እጥፍ በሚፈጥን ማሽን በ30 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። የሰከንዱ ዋጋ እንደነበረ ከቀጠለ የኮምፒውተር ማዕከሉ ገቢ ለዚያው ሥራ በግማሽ ይወርዳል፤ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመብራቱና የአዲሱ ማሽን ክፍያ ግን አይወርድም። ስለዚህ አዲሱ ሰከንድ በፍጥነቱ ልዩነት ይባዛል፤ 30ው እንደ 60 ይቆጠርና ደንበኛው የቀድሞውን ያህል ይከፍላል። አሠራሩ ትክክል ነው። ማባዣውን ለደንበኛው ሳያሳውቁ ሥራ ላይ ማዋል ግን በደል ነው።

አንድ ማባዣ ሁሉንም እኩል እንደማይዳኝስ? በአዲሱ ማሽን አንዱ ሥራ በጣም ይፈጥናል፣ ሌላው ጥቂት ብቻ። የሜይንፍሬም አምራቹ አይቢኤም የሞዴሎቹን አቅም ሲያነጻጽር ለተለያዩ የሥራ ዓይነቶች የተለያየ ቁጥር የሚያወጣው ለዚህ ነው። በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮሰሰሮችም ሜሞሪ ስለሚጋሩ የአንዱን ሙሉ እጥፍ አይሠሩም። የታተመው ገጽና የተጫነው ቴፕ ብዛት ደግሞ ፕሮሰሰሩ ስለፈጠነ አይለወጥም፤ ስለዚህ በማባዣው ሊባዛ አይገባም።

አይቢኤም ማሽኖቹን በሚያከራይበት ዘመን የሰዓት ቆጣሪ ይገጥምላቸው ነበር። መደበኛው ኪራይ በወር 176 ሰዓት ይሸፍን ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ተጨማሪ ያስከፍል ነበር።

ከፌዴራል መንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር አገልግሎት ታሪፋቸውን ቢያንስ በየ2 ዓመቱ መከለስ፣ ባለፈው ጊዜ የተረፈውንም የጎደለውንም ማካካስ ግዴታቸው ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራውን ተመራማሪ ከሌላው አስበልጦ ማስከፈልም ክልክል ነው። ለደካማው ተጠቃሚ ጥላ የሚሆን መልካም ደንብ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ኬን ቶምፕሰን ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም የጻፈውን የጠፈር ጉዞ ጨዋታ በትልቁ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ መጫወት 75 ዶላር ያህል ይፈጅ ነበር። ጨዋታውን ወደ አንዲት ትንሽ ማሽን አዛወረው፤ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወናም የተጀመረው በዚያችው ማሽን ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የሥነ ፈለክ ባለሙያው ክሊፎርድ ስቶል በሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪ የኮምፒውተር ሂሳብ ውስጥ የ75 ሳንቲም ጉድለት አገኘ። ነገሩን ተከታትሎ የደረሰው ከምዕራብ ጀርመን ሰርጎ ይገባ ወደነበረ፣ ያገኘውን መረጃ ለሶቪየቱ የስለላ ድርጅት ኬጂቢ ይሸጥ ወደነበረ ጠላፊ ነው።