ብስክሌት፣ የሰውነት ክብደት እና የቆላ ሙቀት



የዛሬውን ገለጻ የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ በኋላ ቦርጬ ገፋ፤ የደም ስኳሬም ከፍ ማለት ጀመረ። ለመስክ ሥራ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ በወረድሁበት ወቅት ኮኪት ላይ ብስክሌት ተውሼ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ እነዳ ነበር። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ «ላብ በወጣ ቁጥር ስብ ይቀልጣል» የሚለውን የሰፈር አባባል፣ ፊዚዮሎጂ የማስተምረው እኔ ራሴ አምኜ፣ ወፍራም ጃኬት ደርቤ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት እንደ ነዳሁ ራሴን አዞረኝ፤ አቅለሸለሸኝ። መንገደኞች ጥላ ሥር አስቀምጠው ውኃ አፈሰሱብኝና በባጃጅ መለሱኝ። ስመዘን አንድ ኪሎ ግራም ያህል ቀንሼ ነበር። ውኃ ስጠጣ ባደርሁበት ሌሊት ግን ሁሉም ተመለሰ።

ላብ ውኃና ጨው ነው፤ ሥራውም ገላን ማቀዝቀዝ ነው። ስብ በላብ አይወጣም። ሰውነታችን 10 ኪሎ ግራም ስብ ሲያቃጥል 8.4 ኪሎ ግራም የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው ውኃ ይሆናል። ጃኬት መደረብ ስብን አያስቀንስም፤ በሙቀት የመመታትን አደጋ ግን ይጨምራል። የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው ወራት ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሕይወት ይቀጥፋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ቢነዳ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አንዱን ኪሎ ለማውረድ ምግብ ሳይጨምሩ ወደ 16 ሰዓት መንዳት ያስፈልጋል። በሰሊጥ አገር የሚሰማኝ ሰው ይህንንም ያስብ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። አራት ማንኪያ ወጡ ላይ ከተጨመረ የአንድ ሰዓት ድካም ተመለሰ ማለት ነው። (ኮኪት ላይ ብስክሌት ሲነዱ ያየኋቸው አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ እነርሱ መክሳት አይሹም። መንዳት የሚገባን ወንበር ላይ የምንውለው እኛ ነን።)

ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ የእግርን ነገር ነው፤ «ጭኔ ላይ ያለው ስብ በብስክሌት ይጠፋልን?» ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾች ሁለት ክንዶች ተለክተው ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንድ ወፍራም ሆኖ ተገኘ፤ ከቆዳው ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን ከሌላኛው ክንድ አልተለየም። ስብ ከየት እንደሚቀነስ የሚወስነው በአብዛኛው ዘርና ሆርሞን እንጂ የሠራው ጡንቻ አይደለም። ፔዳል የፊት ጭንን፣ የመቀመጫንና የባትን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ቅርጹ የሚታየው ግን ስቡ ከመላው ሰውነት ሲቀንስ ነው። እግራቸው እንዳይወፍር የሚሰጉ እኅቶችም አይስጉ፤ ተራራ ላይ የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ቀጫጭን ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በኮኪት ይህ ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ውኃ ይዞ መሆን አለበት። የወንበሩ ከፍታም ይስተካከል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ይታጠፍ እንጂ ፈጽሞ አይዘርጋ።

እኔ ለስድስት ወር በዚህ መንገድ ነዳሁ። ክብደቴ የቀነሰው 3 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ባለቤቴም ለውጡን አላየችውም። የደም ስኳሬ ግን ወረደ፤ ምክንያቱም የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ስኳርን ከደም ይወስዳል።