ናይትሮጅኑ ሃይቅ ከደረሰ ቆይቷል

በሃይቅ ከተማ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ላም ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ የሚደውለው ለአዳቃዩ ነው። አዳቃዩ ኮንቴነሩን ይዞ ይመጣል። ኮንቴነሩ አንገቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ድርብ የሆነ የአሉሚኒየም ዕቃ ሲሆን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጉም በጎኑ ወደ ታች ይፈስሳል። አዳቃዩ የስትሮዎቹን መያዣ እስከ ኮንቴነሩ አንገት ብቻ ከፍ ያደርግና በመቆንጠጫ የኮርማ ዘር ያለባት አንዲት ቀጭን ስትሮ መዝዞ ለብ ባለ ውሃ ይነክራታል፤ ለግማሽ ደቂቃ ገደማ። ከዚያ በደንብ ያደርቃታል፤ ውሃ ወደ ውስጥ ከገባ ዘሩ ይበላሻል። በስትሮዋ ያለው ሩብ ሚሊ ሊትር ነው። ዘሩን የሰጠው ኮርማ ዛሬ በሕይወት ላይኖር ይችላል።

በመካንነት ሕክምና ማዕከላት የሰው እንቁላልና ጽንስ የሚቀመጠውም በዚሁ ፈሳሽ፣ በዚሁ ቅዝቃዜ ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ። እዚያ ውስጥ ሕዋስ አያረጅም፣ አያድግም፣ ባለበት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ መንትዮች ጽንሳቸው በረዶ ቤት የገባው በ1992 ነበር። ይህ ተረት ከመሰለ፣ የተረቱ ግማሽ ሃይቅ በረት ውስጥ ገብቷል።

የሰው ነገር ከከብት ጋር አብሮ ሲነሳ ደስ የማይለው አንባቢ ይኖራል። ታሪኩ ግን የሄደው በዚያው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ተመራማሪው ክሪስ ፖልጅና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ የአውራ ዶሮ ዘር በስኳር ውሃ ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ ድንገት ተሳካላቸው። ሲመረመር ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የተሳሳተ ነበር፤ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ነው። ከዚያ በኋላ የኮርማ ዘር ማቀዝቀዝ የእርሻ ሥራ ሆነ። እኛ አገርም በኋላ ቃሊቲ ላይ ብሔራዊ የማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዝ ውስጥ ከቀዘቀዘ ጽንስ ጥጃ ተወለደ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ሜልቦርን ላይ ቀዝቅዞ ከቆየ ጽንስ ሕፃን ተወለደች።

እንቁላሏ ግን እጅ አልሰጠችም። የሰው እንቁላል ስፋቷ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን ለጥቂት የሚያያት ነጥብ። ለሕዋስ ይህ ግዙፍ ነው፤ ከወንድ ዘር ፍሬ ጋር አይወዳደርም። ግዙፍነቷም የውሃ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ስለታም የበረዶ ቅንጣት እየሠራ ከውስጥ ይቦጫጭቃታል። በዚያ ላይ ክሮሞዞሞቿን ደርድሮ የያዘው ስስ የክር መዋቅር ብርድ ሲነካው ይፈርሳል። ጽንስ ብዙ ሕዋስ ስላለው አንድ ሁለቱ ቢሞቱበት በቀሪው ያድጋል፤ እንቁላል ግን አንዲት ናት፣ መጠባበቂያ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1986 አውስትራሊያ ውስጥ ዶክተር ክሪስቶፈር ቼን ከቀዘቀዙ እንቁላሎች መንትዮች ማስወለዳቸውን አስታወቁ። ያንን መድገም ግን ለሌሎች ከበደ፤ ብዙዎች ለዓመታት ተዉት።

የድሮው ዘዴ ዝግ ያለ ነበር፤ በደቂቃ ሲሶ ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ማውረድ። ነገሩን የለወጠው ተቃራኒው ነው፤ ውሃው በረዶ ለመሥራት ጊዜ እንዳያገኝ በቅጽበት ማውረድ። ቪትሪፊኬሽን ይሉታል። ራልና ፋሂ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 በአይጥ ጽንስ አሳዩት፤ በ1999 በዚህ መንገድ ከቆየች እንቁላል የመጀመሪያው ልጅ መወለዱ ተዘገበ፤ ከዚያ ጃፓናዊው ማሳሺጌ ኩዋያማ ለዕለት ሥራ የሚመች መሣሪያ አበጀለት።

ላብራቶሪ ውስጥ ሥራው የእጅ ሥራ ነው። ባለሙያዋ በማይክሮስኮፕ እያየች እንቁላሏን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይዛ ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው ታዛውራታለች። መጀመሪያ እንቁላሏ ውሃዋን ለቅቃ ትጨማደዳለች፤ ቀስ በቀስ ከበረዶ የሚጠብቃት መድኃኒት ሲገባባት መልሳ ትሞላለች። የመጨረሻው ፈሳሽ በጣም የበረታ ስለሆነ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አትቆይበትም፤ ከዘገየች ይመርዛታል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ባለሙያዋ እንቁላሏን በስስ የፕላስቲክ ቅጠል ጫፍ ላይ ታሳርፋታለች፣ ትርፉን ፈሳሽ መጥጣ ታነሳለች፣ ወደ ናይትሮጅኑ ትነክራታለች። ቅዝቃዜው በደቂቃ ሲሰላ ከ20,000 ዲግሪ በላይ ፍጥነት አለው። እንቁላሏ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብላ ትጠነክራለች፤ ቅንጣት በረዶ የለባትም። ስትመለስም እንዲሁ በቅጽበት ለብ ወዳለ ፈሳሽ ትገባለች። ጥሩ እጅ ካለበት ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ። የአሜሪካ የመካንነት ሐኪሞች ማኅበር እንቁላል ማቀዝቀዝን ከ«ሙከራ» መዝገብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ውጭ አገር ይህ ሁሉ የሚወራው ትዳርን ስላዘገየች የቢሮ ሴት ነው። ለሃይቅና ለአምባሰል ሰው ጥቅሙ ሌላ ይመስለኛል፤ መንገድ ማሳጠር። በመንግሥት ሆስፒታል የአይ ቪ ኤፍ (ከማሕፀን ውጭ የማፅነስ) ሕክምና በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ከሃይቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሴትየዋ ለአሥር ቀን ገደማ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ ትታያለች፣ እንቁላሉ በመርፌ ይቀዳል፣ ጽንሱ እስከ አምስት ቀን ላብራቶሪ ይቆያል። ባልና ሚስት አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው ወይም ዘመድ አስቸግረው መክረማቸው ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ሦስት አራት ጽንስ ባንዴ ማስገባት ያጓጓል፤ መዘዙ የመንታና የሦስት ልጅ እርግዝና ነው። ማቀዝቀዣ ካለ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይቀመጣል። የመጀመሪያው ባይሳካ ሁለተኛው ዙር ያ ሁሉ መርፌና እንቁላል መቅዳት አይኖርበትም፤ ማሕፀኗን አዘጋጅቶ ማስገባት ብቻ ነው። የካንሰር መድኃኒት ልትጀምር ያለች ወጣትም ከመጀመሯ በፊት እንቁላሏን ማስቀመጥ ትችላለች።

ዋስትና ግን አይደለም። በ40 ዓመት የተቀመጠች እንቁላል የ40 ዓመት እንቁላል ናት። ናይትሮጅኑም ይተናል፤ መብራት አይፈልግም፣ ሰው ግን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአሜሪካ ክሊቭላንድና ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ ሰሞን ሁለት የናይትሮጅን ታንኮች ተበላሽተው ክሊቭላንድ ላይ ብቻ ከ4,000 በላይ እንቁላልና ጽንስ ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ያየ የወሎ ሰው «ለአሥር ዓመት አደራ ብዬ ልስጥ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ታንኩን ማን ይከታተላል? ማታ ደረጃው ቢወርድ ለማን ይደወላል? መጠባበቂያ ናይትሮጅን አለ ወይ?

አምባሰል ውስጥ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ከሚወጡት መካከል ለልጅ ስለት የሚሳሉ አሉ፤ በሌላው ቤት ዱበርቲዎች ዱዓ ያደርጋሉ። ይህ ይቀጥል፤ ሐኪምም አይጋፋውም። የሚያስቆጨኝ ሴትየዋ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር መቅረቱ ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ችግር አለበት። ብዙዎቹም አይ ቪ ኤፍ ሳይደርሱ በመድኃኒት ወይም በቀላል ሕክምና ይረዳሉ።

ስለዚህ አንድ ዓመት ያለ መከላከያ አብራችሁ ኖራችሁ ካልተፀነሰ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ከሞላችሁ፣ ሁለታችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የባል ምርመራ ቀላሉ ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብና በአንዲት ንጹሕ ዕቃ ናሙና መስጠት። ከእሱ ጀምሩ።